ከዙህር እስከ መግሪብ

ፋርማሲ ውስጥ የሚሠራ ሰው ከሐኪም ያላነሰ ገመና ይሰማል። ሰሞኑን የበዛብኝ ደግሞ የእናቶች ጥያቄ ነው። ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ጥግ ይዘው ይጠብቁና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ይሄ በቴሌግራም በቁርኣን የሚያክሙት የሱስ ሕክምና ይሠራል ይባላል፤ እውነት ነው? ወይስ ልጁ ሼኹ ፊት ሄዶ ካልተቀመጠ አይሆንም?» ይሉኛል። እኔ ፋርማሲስት ነኝ እንጂ የዲን አዋቂ አይደለሁም። ግን የታናሽ ወንድሜን ነገር ከሰፈር ሰምተዋል። ጅማ ውስጥ የማን ልጅ ምን ላይ እንደወደቀ ለመስማት ኢንተርኔት አያስፈልግም።

ወንድሜ ሁለቱንም አይቷቸዋል። እንደ አብዛኛው የሰፈራችን ልጅ በጫት ጀመረ። ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ፣ መጠጡ ማለት ነው፣ ተከተለ። ቀጥሎ ከየት እንደሚያገኘው እስካሁን የማላውቀው ትራማዶል፣ ሱስ የሚያስይዝ የሕመም ማስታገሻ ኪኒን፣ ተጨመረ። የፋርማሲስት ወንድም መሆኑ ለሰፈሩ ጥሩ ቀልድ ሆኖ ነበር። በስልክ ከአዲስ አበባ ኡስታዝ ጋር ቆይቷል፤ በአካልም ኪታብ የሚያስቀሩ የሰፈራችን ሼኽ ዘንድ ውሏል። ይህን ሁሉ አይቼ ለእናቶቹ የምሰጠው መልስ መልስ አይመስልም። «ልጅዎ ከዙህር እስከ መግሪብ የት ነው የሚውለው?» ብዬ እጠይቃቸዋለሁ፤ ከእኩለ ቀኑ ሰላት እስከ ጀምበር መጥለቂያው ሰላት ማለት ነው።

ጥያቄው ግራ የሚያጋባቸው አሉ። ላስረዳ።

ጫት የራሱ ሰዓት ያለው ነገር ነው። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ዋናው አነቃቂ ካቲኖን ይባላል፤ የተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ለይቶ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ካቲኖን ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲደርቅ ወደ ደከመ ንጥረ ነገር ይለወጣል። ነጋዴው ይህን ኬሚስትሪ ሳይማር ያውቀዋል። ጠዋት የተቀነጠበውን በኮባ ጠቅልሎ፣ ውሃ አርከፍክፎ፣ ትኩስነቱ ሳይጠፋ ለምሳ ሰዓት ያደርሰዋል። በሰባት ሰዓት ተኩል አካባቢ በየቤቱ ፍራሽ ይነጠፋል፣ ጀበናው ይጣዳል። አስር ሰዓት ላይ ምርቃናው ጣራ ይነካል። መግሪብ ሲቃረብ ወሬው ይቀዘቅዝና ሁሉም በየሐሳቡ ይሰጥማል፤ ለጨብሲ የሚነሳውም ያኔ ነው። ለማቆም የሞከረ ሰው ሐራራው የሚመጣበት በዚያው ሰዓት ነው። ያዛጋል፣ ይነጫነጫል፣ ዓይኑ ያለቅሳል፣ ሰው ሁሉ ጠላቱ ይመስለዋል። ጠዋትማ ጥሩ ልጅ ነው። ማታም ደክሞት ይተኛል፤ ዱካኩ፣ የጫት ቅዠቱ፣ ካልቀሰቀሰው በስተቀር። የሚወድቀው ከዙህር በኋላ ነው።

በሱስ ላይ መንፈሳዊ ሕክምና የምንለው ነገር ውስጡ ብዙ ነው። ተውባ (ንስሐ) አለ፣ ሰላት አለ፣ ዚክር (አላህን ማውሳት) እና ቁርኣን አለ፣ ሱና ጾም አለ፣ ሩቅያ (በታማሚ ላይ ቁርኣን መቅራት) አለ፣ ነፍስን በየማታው መተሳሰብ አለ፤ የሚከታተል ሼኽ ወይም ወንድምም አለ። ኢንዶኔዥያ፣ ምዕራብ ጃቫ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1905 የተመሠረተ ሱርያላያ የሚባል ትልቅ የሱፊዮች መድረሳ አለ። በዕፅ የተያዙ ወጣቶችን እዚያ እያኖረ የሚያክምበት መንገድ ለሊት ቀስቅሶ በቀዝቃዛ ውሃ የተውባ ትጥበት ማስጠብ፣ ከዚያ የለሊት ሰላት፣ ከዚያ ድምፅ አውጥቶ «ላ ኢላሀ ኢለላህ» ማስባል ነው። አሜሪካ ባልቲሞር ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1989 ሚላቲ ኢስላሚ የሚባል ማኅበር ተጀመረ። ጠጪዎች ተሰብስበው የሚረዳዱበትን የታወቀውን የአሥራ ሁለት ደረጃ ዘዴ ወስደው ለሙስሊም እንዲስማማ አደረጉት። አንዱ ሰውነትን በውሃ ይዞ ይጀምራል፣ ሌላው በክብ ተቀምጦ በመነጋገር። ሁለተኛው ወደ ስልክ በቀላሉ ይገባል። የመጀመሪያውን ግን በዙም እንዴት ታደርገዋለህ? ሰውየውን በለሊት ማን ይቀሰቅሰዋል?

ስለ ሰዓት እንዳስብ ያደረገኝ ግን የኡስታዙ አንድ ትምህርት ነው፤ ያውም በስልክ የሰማሁት። መጠጥ የተከለከለው በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ በአል-በቀራህ 219 ጉዳቱ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ ተነገረ። ቀጥሎ በአን-ኒሳእ 43 «ሰክራችሁ ሳላችሁ ወደ ሰላት አትቅረቡ» ተባለ። ፈጽሞ የከለከለው የአል-ማኢዳህ 90 አንቀጽ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መካከለኛውን ተመልከቱት። አምስት ሰላት ያለበት ሰው ሳይሰክር ለሰላት መድረስ ካለበት፣ በዙህርና ከሰዓት በኋላ ባለው የአስር ሰላት፣ በአስርና በመግሪብ መካከል ጠጥቶ የሚነቃበት ጊዜ አያገኝም። የሚቀረው ከማታው ሰላት ከኢሻ ወይም ከንጋቱ ሰላት ከሱብሒ በኋላ ያለው ብቻ ነው። መጠጡ ገና ሳይከለከል ከሰዓቱን ተነጠቀ ማለት ነው። ሱዳናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ማሊክ በድሪ (እ.ኤ.አ. 1932–2021) የመዲና ሰዎች መጠጥን የተዉበትን መንገድ በሙያው ዓይን መርምሮ የጻፈው እንዲሁ ለታሪክ ያህል አልነበረም፤ አንድ ማኅበረሰብ አብሮ ሲያቆም ምን እንደሚሆን ማየት ፈልጎ ነው።

ወደ ስልኩ ልምጣ። ስልክን የሚያጣጥሉ ሽማግሌዎች እኔ የማየውን አያዩም። ሱስ ያለባት ሙስሊም ሴት ጅማ ውስጥ የት ትሂድ? ወንድ ልጅ ሲቅም «ልጅነት ነው» ይባልለታል። ሴት ከሆነች ግን ወሬው ከእሷ አልፎ እህቶቿን ሳይቀር ባል ያሳጣል። መስጂድ ሄዳ ኢማሙን «ሺሻና ጫት ይዞኛል፣ አንዳንዴም እጠጣለሁ» ትበል? ጫማዋን ሳታወልቅ ወሬው ቤቷ ይደርሳል። የኡስታዙ የሴቶች ክፍል ውስጥ ለማገዝ ብዬ ገብቼ ነበር፤ ስለ መድኃኒት የሚነሳ ጥያቄ ካለ እንድመልስ። ስም የለም፣ የሁሉም ፎቶ አበባ ወይ ካዕባ ነው። አንዷ ሁልጊዜ መናገር ስትጀምር «ባሌ ከገባ ድምፄ ይጠፋል፣ እህቶች አትደንግጡ» ትላለች። ይጠፋልም። በዓረፍተ ነገሯ መካከል ቁርጥ ይላል፣ እኛም እንጠብቃለን፣ አንዳንዴ በማግስቱ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ከአጋሮ የምትገባ አለች፣ ከሳዑዲ በሰው ቤት ኩሽና ውስጥ ሆና የምትገባም አለች። እነዚህን ሴቶች የትኛው መስጂድ ነው የሚሰበስባቸው?

ለወንድሜም ቢሆን የመጀመሪያውን በር የከፈተለት ስልኩ ነው። ሰው ፊት ቆሞ መናገር አልቻለም ነበር። አንድ ማታ እኔ ክፍል መጥቶ፣ «እትዬ፣ አንድ ሐዲስ ሰማሁ» አለኝ። ቡኻሪ የዘገቡት ነው። በነቢዩ ﷺ ዘመን እየጠጣ ደጋግሞ ለቅጣት የሚቀርብ አንድ ሰው ነበር። አንዱ «አላህ ይርገመው፣ ስንቴ ነው የሚመጣው!» ሲል ነቢዩ ﷺ ከለከሉት፤ «አትርገሙት፣ እሱ አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድ ነው የማውቀው» አሉ። ወንድሜ ይህን ከኡስታዙ የድምፅ መልእክት ሰምቶ መልሶ መላልሶ አስደመጠኝ። እድሜውን ሁሉ ጅማ ውስጥ ኖሯል፣ በመስጂድና በመድረሳ ተከብቦ አድጓል፣ ይህን ሐዲስ ግን የነገረው ሰው አልነበረም። የነገሩት ሁልጊዜ የአርባ ቀኑን ነው፤ የጠጣ ሰው ሰላቱ አርባ ቀን ተቀባይነት የለውም የሚለውን። እሱም ሐዲስ ነው፤ ግን ተውባ ላደረገ በሩ ክፍት መሆኑን እዚያው የሚናገረውን ጫፉን ቆርጠው ነው የሚነግሩን። ከዚያ ልጁ «ታዲያ ልፋቴ ለምኔ» ብሎ ሰላቱንም ይተዋል።

ስለዚህ ስልክ ቃል ያደርሳል፤ ያውም በደንብ። ከተማህ ውስጥ የሌለ ዓሊም ድምፅ ጆሮህ ሥር ይገባል። በውድቅት ለሊት ዱካክ ያስነሳው ሰው ከፍቶ አር-ረዕድ 28ን ይሰማል፤ ልቦች አላህን በማውሳት እንደሚረኩ። ይህን ማቃለል አይገባም።

የማያደርሰውን ደግሞ ያየሁት በወንድሜ ነው። አንድ ሳምንት ተመልሶ ወደቀ። አፍሮ ከግሩፑ ወጣ። ስልኩ ላይ እንደሚታወቀው «እገሌ ግሩፑን ለቋል» የምትል ትንሽ መስመር ወጣች፣ ከሥሯ የጁምዓ ዱዓ ተለጠፈ፣ ከሱ ሥር ሌላ፣ አለቀ። ማንንም አልወቅስም። በሺህ የሚቆጠር ሰው ያለበት ቤት አንዱ መውጣቱን ማን ያያል?

ሼኹ ዘንድ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ሼኹ ኪታብ የሚያስቀሩት ጠዋትና ከመግሪብ በኋላ ነው፤ እንጀራቸው ግን አናጢነት ነው። የጅማን በርጩማ የማያውቅ የለም፤ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ በሦስት እግሩ የሚቆመው። እናታችን ሄዳ ስታለቅስላቸው፣ ሩቅያ ይቀሩበታል ብላ ነበር የጠበቀችው። እሳቸው ግን፣ «እኔ ሐኪም አይደለሁም እመቤቴ። ልጁ ከዙህር በኋላ ይምጣ፣ እንጨት ይላግልኝ» አሏት። እማዬ ቅር ብሏት ተመለሰች። ልጇን ዱዓ አድርገው እንዲያድኑላት ፈልጋ ረዳት አናጢ አደረጉት።

ምሳ ሳደርስ አየው ነበር። የመጀመሪያ ሰሞን እጁ እየተንቀጠቀጠ መሮ አይሰጡትም። የብርጭቆ ወረቀት አስይዘው ያለቀለትን በርጩማ እንዲያለሰልስ ያደርጉታል። የዋንዛው ዱቄት ቅንድቡ ላይ ተከምሮ የሽማግሌ መልክ ይሰጠዋል። ሼኹ ከጎኑ ሆነው ሲጠርቡ በየምቱ «አስተግፊሩላህ» ይላሉ፤ ለእሱ ብለው አይደለም፣ ልማዳቸው ነው። ትንሽ ቆይቶ እሱም በየፍትጊያው ማለት ጀመረ። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ማዛጋት ሲበዛበት ሼኹ አይመክሩም። «ተነስ ቡና ቁላ» ይሉታል። ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ፈልቶ፣ እስከ ቶና እስኪጠጣ የአስር አዛን ይደርሳል። ውዱእ፣ ሰላት። ከዚያ እንደገና ብርጭቆ ወረቀቱ፣ እስከ መግሪብ። ወደ ቤት ሲመለስ የበርጫው፣ የጫት መቃሚያው፣ ቤቶች ተበትነዋል።

አንድ ቀን ሳይሄድ ቀረ። የት እንደዋለ ዓይኑ ይናገር ነበር። መግሪብ ሊል ጥቂት ሲቀረው ሼኹ የአቧራ ሸሚዛቸውን እንደለበሱ ግቢያችን ገቡ። «አሰላሙ ዓለይኩም፣ ውሃ አላችሁ?» አሉ። ውዱእ አደረጉ፣ ወንድሜን አስነስተው እዚያው ግቢ ውስጥ መግሪብን አሰገዱት። «ነገ ዋንዛ ይመጣል፣ ብቻዬን አላወርደውም» ብለው ሄዱ። ይኸው ነው። የዚያን ዕለት ምን እንደቃመ፣ ለምን እንደቃመ አልጠየቁም። በነጋታው ሄደ።

በ2012 ዓ.ም. ዓመቱ ራሱ ሁለቱን በተራ በተራ ነጥቆ አሳየን። በሚያዝያ በኮሮና ምክንያት መስጂዶች ተዘግተው ስለነበር ረመዷንን ቤታችን ሰገድን። የቀረልን ስልክ ብቻ ነበር። ኡስታዞቹ ያን ጊዜ ነው በቀጥታ ስርጭት የጎረፉት፣ ብዙ ሰው ተጠቅሟል፣ እኔም ጭምር። በሰኔ መጨረሻ ደግሞ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠና ለሦስት ሳምንት ያህል ጠፋ። ከኡስታዙ ጋር የነበረው ሁሉ ድምጥማጡ ጠፋ። የሴቶቹ ክፍልማ ጭራሽ፤ ስማቸውን የማናውቃቸውን ሰዎች በመደበኛ ስልክ የት እንደውልላቸው? ወንድሜ በዚያ መካከል የተረፈው የሼኹ ሱቅ በእግር አሥር ደቂቃ ስለሆነ ነው። ባልቀረበስ ኖሮ? ሊሙ ገጠር ያለ ልጅስ?

እንዲህ ስጽፍ በአካል የሚደረገውን ሁሉ ያሞገስኩ እንዳይመስል። በአካል ያለውም የራሱ ጉድ አለው። የኛው ከተማ ትልቁ ጉድ ጫቱ ራሱ በዱዓው መካከል መቀመጡ ነው። ጅማ ከዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን (እ.ኤ.አ. 1878–1932) ጀምሮ የዒልም አገር ናት፤ ዑለማው ከሩቅ እየመጣ የተከበረባት፣ ቲጃኒያ የሚባለው የሱፊዮች መንገድ የተስፋፋባት። ሐድራው (የዚክርና የዱዓ ስብስቡ)፣ መንዙማው፣ የሐሙስ ማታው ዱዓ ከጫት ጋር አብሮ ነው ያደገው። የድሮ ሰዎች «ለዒባዳ ያነቃል» ብለው ነው የያዙት። የሃይማኖቱ ሊቃውንትም በጫት ላይ አንድ ቃል የላቸውም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት ኢብን ሐጀር አል-ሀይተሚ ስለ ጫት በጻፉት ላይ ፈርጠም ብለው ሐራም ሳይሉ መራቁ እንደሚሻል መክረዋል፤ ዛሬም ክርክሩ እዚያው ነው። የአን-ኒሳእ አንቀጽ በመጠጥ ላይ የሠራው በጫት ላይ የማይሠራውም ለዚህ ይመስለኛል። ቃሚ አፉን ተጉመጥምጦ፣ ጀማዓ ሰግዶ፣ ተመልሶ ይቀመጣል። ሰላቱ በርጫውን አያቋርጠውም። እንዲያውም በረመዷን ቀኑን ጾሞ ለሊቱን ይቅማል፤ ሰዓቱን ያዞረዋል እንጂ አይተወውም።

እና ሱስ ለማቆም የሚታገል ልጅ «ዱዓ ይደረግልህ» ተብሎ በአካል የሚወሰድበት ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚቀርብለት እስር ጫት ሊሆን ይችላል። ወንድሜን አንድ ዘመድ እንዲህ አድርጎ ወስዶታል፣ በቅን ልብ። እኔ በዚህ ላይ ገር መሆን አልችልም። ለአዛውንቶቹ ሐድራ ክብር አለኝ፣ አያቴ በመንዙማ ነው ያሳደጉኝ። ግን ዱዓ ፈላጊው የሱስ ታማሚ ከሆነ ጫቱ ከዚያ ክፍል ይውጣ። በስልክ የሚደረግ ዱዓ ቢያንስ ጫት አያቀብልም።

ሌላው በአካል የሚደረግ አደጋ ጭካኔ ነው። ናይጄሪያ ካዱና ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2019 ፖሊስ የእስልምና ትምህርትና ማረሚያ ቤት ነኝ የሚል ግቢ ገብቶ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወንዶችና ልጆችን፣ አንዳንዶቹን በሰንሰለት እንደታሰሩ፣ አስለቅቋል። ከመካከላቸው ዕፅ ስለሚወስዱ ቤተሰባቸው በፈቃዱ ያስገባቸው ነበሩ። እኛም ዘንድ «ጂኑ እንዲወጣ» ተብሎ የተገረፈ ሰው ጀርባ ላይ የሚቀባ መድኃኒት ሸጫለሁ። በስልኩ በኩል ያለው ደግሞ ሌብነት ነው። በቀጥታ ስርጭት ሩቅያ እየቀራ፣ «ውሃ በስልኩ አጠገብ አስቀምጡ» እያለ፣ መጨረሻ ላይ ለማርና ለጥቁር አዝሙድ ዘይት በሞባይል ብር እንድትልክ የሚያዝ ሰው አለ። ማሩ ማር ቢሆን እንኳ ዋጋው የማር አይደለም።

አሁን ባንኮኒ ጀርባ ያለችው ሴት ትናገር፤ ይህን ሳልል ካለፍኩ ሙያዬ ይታዘበኛል። ጫት ድንገት ቢቆም ሰውየው ይደብተዋል፣ ይተኛል፣ ይቃዣል፤ ሐዘኑ ከበረታ ሐኪም ማየት አለበት፤ ሰውነቱ ግን ብዙውን ጊዜ ይወጣዋል። አልኮል እንደዚያ አይደለም። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ በብዛት ሲጠጣ የኖረ ሰው ተውባ አድርጎ በአንድ ማታ ሲያቆም በሁለት ቀን ውስጥ ሊንቀጠቀጥና የሚጥል በሽታ እንደያዘው ሊወድቅ ይችላል፤ ከዚያም ቀጥሎ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት ይመጣል። ሕይወት ያጠፋል። የእንቅልፍና የጭንቀት ኪኒን የለመደም በአንድ ጊዜ ሲያቆም እንደዚሁ ነው። ትራማዶል ሲበዛ በራሱ ያንቀጠቅጣል፤ ሲቆም ደግሞ ያዛጋል፣ አፍንጫ ያፈሳል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ያስቀምጣል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ «ቁርኣኑ ጂኑን አስጮኸው» ይላል። ቀሪው ይበልጥ ይቀራል፣ ሰውየው ይበልጥ ይወድቃል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ከቆመ በኋላ ነው። ለወራት የተወ ሰው ሰውነቱ የቀድሞውን መጠን አይችልም፤ ተመልሶ ያንኑ ሲወስድ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ መጠጥና ኪኒን ከሆነ መጀመሪያ ሆስፒታል። ከተማችን የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አላት፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍልም አለው። «አላህ መድኃኒቱን ሳያወርድ ያወረደው በሽታ የለም» የሚለው የቡኻሪ ሐዲስ እዚያም ይሠራል።

የወንድሜን ሼኽ የወደድኩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለ ትራማዶሉ ስነግራቸው፣ «ታዲያ ምን ይዘሽው ትመጫለሽ? መጀመሪያ ሐኪም ይየው፣ እንጨቱ አይሸሽም» አሉኝ። ኡስታዙ ግን በስልክ የማን እጅ እንደሚንቀጠቀጥ አያይም። ሰውየው ላብ በላብ ሆኖ «አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ» ብሎ ቢጽፍለት ያምናል፤ ምን ያድርግ? ያኔ ነው ከኡስታዙ ጋር ክርክር የጀመርነው። የመጀመሪያውን ነገር ወዲያው ተቀበለኝ፦ ወደ ክፍሉ አዲስ ለሚገባ ሁሉ ምን እንደሚወስድ ይጠየቃል፤ መጠጥና ኪኒን ከሆነ ሐኪም ሳያይ እንዲያቆም አይነገረውም።

ሁለተኛው ላይ አልተስማማንም። የኡስታዙ ትምህርት ከኢሻ በኋላ ማታ ሦስት ሰዓት ነበር። ብዙ ሰው የሚገባው ያኔ ነው፤ ሥራ አልቋል፣ ልጆች ተኝተዋል። እኔ ወደ ከሰዓት እንዲያዞረው ጠየቅኩት፤ ዘጠኝ ሰዓት፣ ዘጠኝ ተኩል።

«እህቴ፣ በዚያ ሰዓት ሰው ሥራ ላይ ነው፤ ማን ይሰማኛል?» አለኝ።

«ሥራ ላይ ያለው ሰው አንተን አይፈልግህም ኡስታዝ። በዚያ ሰዓት ፍራሽ ላይ ያለው ነው የሚፈልግህ» አልኩት።

ሳቀና «አስብበታለሁ፣ ኢንሻአላህ» አለ። የኛ ሰው «ኢንሻአላህ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ተውኩት። ግን ከጥቂት ወራት በኋላ የሴቶቹን ክፍል ብቻ ለሙከራ ወደ ዘጠኝ ተኩል አመጣው። ትምህርቱንም አሳጠረው። አሁን አንዷ ቁርኣን ትቀራለች፣ ከዚያ እያንዳንዷ በዚያች ሰዓት የት እንዳለችና እጇ ላይ ምን እንዳለ ትናገራለች፤ ልብስ እያጠበች፣ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ምንም ሳትሠራ ግድግዳ እያየች። የአስር አዛን ሲል ሁሉም በየቤቷ ትነሳለች፣ ሰግደው ይመለሳሉ። ለሁለት ተከፋፍለውም ይደዋወላሉ፤ ዛሬ ያልገባችውን ጓደኛዋ መግሪብ ሳይደርስ ትደውልላታለች። በመደበኛ ስልክ ነው። ይህን ያመጡት ራሳቸው ናቸው፣ ኔትወርክ ጠፍቶ ያየነውን አይተው። ስማቸውን ለጥንዳቸው ብቻ ተናግረዋል።

የሚገቡት ሰዎች ቁጥር ግን ወርዷል። ከማታው ጋር ሲነጻጸር ሲሶ ቢሆኑ ነው። ኡስታዙ ይህን ሲያይ ይከፋዋል፣ የወንዶቹንም ወደ ከሰዓት ለማዞር እምቢ ያለው በዚህ ምክንያት ነው። «ብዙ ሰው ጥቂት ቢሰማ አይሻልም?» ይለኛል። እኔ አይመስለኝም። ባሏ ሲገባ ድምፅዋ የሚጠፋው ሴት ባሏ ከሥራ የሚመለሰው ከመግሪብ በኋላ ስለሆነ አሁን ዓረፍተ ነገሯን ትጨርሳለች። ለኡስታዙ ይህን ነግሬዋለሁ። የወንዶቹ አሁንም ማታ ሦስት ሰዓት ነው፤ ክርክራችንም አላለቀም።